ሁለት መስመር፣ አንድ ድልድይ

ሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን 2001

ጠዋት የመኪና ጃም። ከላቪንግተን ቤታችን ዌስትላንድስ ቢሮ ለመድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። በእግሬ ብሄድ ይሻለኝ ነበር... ባሌ ተካልኝ ከእኔ ቀድሞ ከቤት ወጥቶ፣ ቢሮ ገብቼ ስደውልለት ገና ጊጊሪ ወዳለው ሥራው እየተጎተተ ነበር። ናይሮቢ ላይ ባል የሚናፈቀው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነው።

እስከ አራት ሰዓት ምንም አዲስ ነገር የለም። አራት ሰዓት ላይ አለቃዬ ሚስተር ኦቲየኖ ጠራኝ። ሰውየው ደህና ነገር ሲኖረው ሻይ ያዛል፣ ከባድ ነገር ሲኖረው በር ይዘጋል። ዛሬ ሁለቱንም አደረገ።

በባሕር ሥር የሚመጣው የኢንተርኔት ገመድ በሰኔ ሞምባሳ ይገባል አለ። ከዚያ ወዲያ በሳተላይት ኢንተርኔት የሚሸጥ ኩባንያ ሱቁን ይዝጋ። እኛ ላቪንግተንን ቤት ለቤት በፋይበር፣ ብርሃን በሚያሳልፍ የመስታወት ገመድ፣ እናዳርሳለን፣ ቦርዱ ወስኗል። ንድፉን የምመርጠው እኔ። የምፈርመውም እኔ። እስከ መጋቢት አጋማሽ። ይሄ ካማረ ሩንዳ ሰፈርም የአንቺ ነው አለኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገመድ ስዘረጋ ኖሬአለሁ። ከመነሻው እስከ መጨረሻው ቤት የራሴ የሆነ ሥራ ሲሰጠኝ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ሊለኝ አይገባም?

ለተካልኝ እራት ላይ ነገርኩት። «እንኳን ደስ አለሽ!» ብሎ ተነሥቶ ሳመኝ። ፊርማው እንዳስፈራኝ ግን አልነገርኩትም።


ዓርብ፣ የካቲት 13

ከእኔ ሥር ከሚሠራው ኢንጂነር ከሔኖክ ጋር ቀኑን ሙሉ ካርታ ላይ ተደፍተን ዋልን።

ልጁ ጎበዝ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቱ። በአራት ዓመቱ ከአገር ቤት መጥቶ እዚሁ ናይሮቢ ያደገ። «አንቺ» እና «እርስዎ» ተቀላቅለውበታል። «የሺ፣ እርስዎ ይሄን አይተሻል?» ይለኛል። ለማረም ሞክሬ ትቼዋለሁ... ከልቡ ሁለቱንም ነው የሚለኝ።

የእሱ ንድፍ ዛፍ ነው። ከዌስትላንድስ ጣቢያችን አንድ ወፍራም ገመድ ይነሣል፣ ላቪንግተን ሲደርስ ቅርንጫፍ ያወጣል። በየቅርንጫፉ ላይ የሳሙና መያዣ የምታክል ሣጥን ትቀመጣለች። አንዱን ብርሃን ለሠላሳ ሁለት ቤት ትከፍላለች። መብራት አትፈልግ፣ ባትሪ አትፈልግ። ዝም ያለች መስታወት።

የእኔ ደግሞ ቀለበት። በየመንገዱ ዳር የብረት ሣጥኖች ይቆማሉ፣ ቁም ሣጥን የሚያክሉ፣ ውስጣቸው ማሽንና ባትሪ ያለ። ሣጥኖቹ ዙሪያውን ይያያዛሉ። በአንድ በኩል ገመዱ ቢቆረጥ ብርሃኑ በሌላው በኩል ዞሮ ይደርሳል። ውድ ነው፣ ያዘገያል። ግን አይሞትም።

«በአንተ ዛፍ ግንዱ ቢቆረጥስ?» አልኩት።

«ጠጋኙን ካሪዩኪን እንልካለና! ሁለት ሰዓት፣ ባሲ፣ በቃ።»

ካሪዩኪን እንልካለን... እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ልጁ ምን እንደሆንኩ አልገባውም። ሻይ ላምጣልሽ አለኝ። አምጣልኝ አልኩት።


ረቡዕ፣ የካቲት 18

ቀለበት። ሌላ ማሰብ አልቻልኩም።


ማክሰኞ፣ የካቲት 24

ዛሬ ሔኖክ ላይ ጮህኩበት። አፍሬአለሁ።

ሰላሳ ገጽ ሠርቶ መጣ። በዛፉ ቢሄድ በስንት ወር ስንት ቤት፣ በቀለበቱ ስንት። የእሱ በዚያው ጊዜ ከእጥፍ በላይ ቤት ያዳርሳል። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፣ ሁለቴ አየኋቸው። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«የሺ፣ እርስዎ ለምን እንደምትፈሪ ንገሪኝ። ቁጥሩ ፍርሃትሽን አያሳየኝም።»

ጨዋ ጥያቄ ነበር። እኔ ግን «አንተ በወረቀት ነው ያደግከው! መስመር ተቆርጦ አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት። የቢሮው ሰው ሁሉ ዞረ። ኬንያውያኑ አማርኛውን አይሰሙም፣ ድምፁን ግን ማን አይሰማም?

ከሰዓት ይቅርታ ጠየቅኩት። «ሳዋ ሳዋ» አለ፣ እሺ እሺ እንደማለት። ዐይኑን ግን አላነሣም።

ለምን አልነገርኩትም? አሥራ ሦስት ዓመት ለማን ነግሬ አውቃለሁ...


ዓርብ፣ መጋቢት 4

ሙዜ ካሪዩኪን ይዤ መንገዱን በእግር ጀመርኩት። የብረት ሣጥኖቹ የሚቆሙበትን ለማየት።

ካሪዩኪ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ለዚህ ነው ሙዜ፣ ሽማግሌ፣ የምንለው። የተቆረጠ ገመድ የሚቀጥለው እሱ ነው። ከመዳብ ዘመን ጀምሮ በሌላ ኩባንያም በእኛም ሠርቷል። ጸጉር የሚያክለውን የመስታወት ክር ከክር ጋር ሲበይድ ትንፋሹን ይይዛል። «ማማ ኢንጂነር» ይለኛል። ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ፣ «ይሄን ሥራ» ብዬዋለሁ እንጂ «ምን ይመስልሃል» ብዬው አላውቅም። ዛሬ ነው ይሄ የገባኝ።

አንድ ጥግ ላይ ቆመን፣ «እዚህ ጋ አንዱን ሣጥን እናቆማለን» አልኩት።

ጥጉን ዞር ዞር ብሎ አየ።

«ምነው ሙዜ?»

«ባትሪ አለው?»

«አራት ትልልቅ።»

የግራ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አሳየኝ። ከክርኑ እስከ አንጓው የወረደ ጠባሳ። ድሮ በሠራበት ቦታ፣ እንዲህ ያለ ሣጥን ከፍቶ ሲሠራ ሦስት ሰዎች መጡ። ባትሪውን ፈልገው ነው። በጠራራ ፀሐይ። «ውሰዱት አልኳቸው። እጄ ቁልፉ ላይ ስለነበረ ልቆልፍባቸው መሰላቸው... ፓንጋ ነበራቸው።» ፓንጋ ማለት ገጀራ ነው። አስካሪው፣ ዘበኛው፣ ሸሸ። አልፈረደበትም፣ «እኔም እግሬ ቢታዘዝልኝ እሸሽ ነበር» አለ።

«አንተ ብትሆን ምን ትመርጣለህ?» አልኩት።

«መንገድ ዳር የሚሰረቅ ነገር ባይኖር ደስ ይለኛል፣ ማማ። መስታወት ማንም አይሰርቅም። የሚቆርጡት መዳብ መስሏቸው ነው፣ አንዴ ካዩት ይተዉታል።»

እኔ ቀለበቱን ለማን ብዬ ነበር የምሟገተው? ለጠጋኞቹ ብዬ። መስመር ሲቆረጥ በጥድፊያ ሰው እንዳይላክ ብዬ። ጠጋኙ እኮ አጠገቤ ነበር። አልጠየቅኩትም።


ሰኞ፣ መጋቢት 7

ሔኖክን ወደ ክፍሌ ጠርቼ «የብረት ሣጥኖቹ ይቅሩ። ቅርንጫፉ እንዳንተ ይሁን» አልኩት።

አፉን ከፍቶ ቀረ። «እርስዎ... አንቺ... ማን አሳመነሽ?»

«ካሪዩኪ።»

«እኔ ሰላሳ ገጽ ጽፌ!»

ሳቅን። ከዚያ ግን የኔን አልኩ፦ ቅርንጫፉ ዛፍ ይሁን፣ ግንዱ ግን ሁለት። ከዌስትላንድስ ላቪንግተን በሁለት የተለያየ መንገድ። አንዱ ቢቆረጥ በሌላው። ሔኖክ ካርታውን አየና ሁለት መስመሮች አገኘ። ቱቦ የተቀበረባቸው፣ የምንከራያቸው። አንዱ በሰሜን፣ አንዱ በደቡብ። ቀይና ሰማያዊ አድርጎ ሣላቸው። ያምራል። ተስማማን።

ቀላል ሆኖ ተሰማኝ። ምሳዬን ጨረስኩ። እንዲህ ከበላሁ ሰንብቷል።


ዓርብ፣ መጋቢት 11

ሰሜኑንም ደቡቡንም መስመር ከካሪዩኪ ጋር በእግር ሄድን። ማንሆል በማንሆል። ክዳኑን እያነሣን።

ከሸለቆው ስንደርስ ቀዩ መስመር ወደ ድልድዩ ታጠፈ። ካርታው ላይ አይታጠፍም። እሺ... ተሻግረን ተመለስንና ሰማያዊውን ከሌላው ጫፍ ተከተልን። አንድ ሰዓት ያህል። እሱም ታጠፈ። ወዴት? ወደዚያችው ድልድይ።

ካሪዩኪ ጎንበስ ብሎ ከድልድዩ ሥር በባትሪ አበራ። ሁለት ቱቦ፣ ጎን ለጎን፣ በአንድ ብረት ታስረው።

«ማማ፣ ሁለቱም እዚህ ናቸው።»

ካርታ ላይ ሁለት። መሬት ላይ አንድ።

መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ካሪዩኪ ፀሐዩ መስሎት ውሃ ገዝቶ መጣ።


እሑድ፣ መጋቢት 13

እጽፈዋለሁ። ዛሬ ካልጻፍኩት መቼም አልጽፈውም።

1988፣ ክረምት፣ አገር ቤት። የከተማዋን ስም እዚህም አልጽፈውም። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ የመስመሩ ኃላፊ ከሆንኩ ስምንት ወር። ከተማዋ ሁለት ገመድ ነበራት፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲይዝ። ሁለቱም በአንድ ድልድይ ያልፋሉ። ንድፉ ሲቀርብልኝ አይቼዋለሁ። «ይሄ እኮ አንድ ነው» ብዬ ጠይቄአለሁ። አለቃዬ «ለጊዜው በድልድዩ ይለፍ፣ በሚቀጥለው ዓመት እንለያየዋለን» አለኝ። ፈረምኩ።

ሐምሌ ላይ ወንዙ ሞልቶ የድልድዩን ግማሽ ወሰደው። ሁለቱም ተቆረጡ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን... በሦስተኛው ቀን ከላይ ትእዛዝ መጣ። የመስመር ሠራተኛው ባንታየሁ ወንዙ ዳር ነበር። በሬዲዮ አገኘሁት።

«ውሃው ገና አልጎደለም እትዬ። ነገ ጠዋት ይሻላል» አለኝ። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ እትዬ ይለኝ ነበር።

እኔ ምን አልኩ? «ዛሬ መገናኘት አለበት ተብሏል» አልኩ። ተብሏል። ማን አለ? እኔ ነኝ ያልኩት። አፌ ላይ የነበረው ቃል የእኔ ነው።

«እሺ» አለ።

ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ገባ። ከገባ በአራተኛው ቀን ከወንዙ ታች አገኙት። ሦስት ልጆች ነበሩት። ቀብሩ ላይ አልሄድኩም። ሰው ላክሁ። ሰው ላክሁ!

የምርመራው ወረቀት «የተፈጥሮ አደጋ» ይላል። ስሜ የትም የለበትም። በዓመቱ ሥራውን ለቀቅኩ፣ ከተካልኝ ጋር ወደዚህ መጣን። ለእሱ «ሰለቸኝ» ነው ያልኩት።

ተካልኝ አሁን ሳሎን ጋዜጣ ያነባል። ከዚህ ስነሣ እነግረዋለሁ።

...ነገርኩት። ጋዜጣውን አጥፎ አስቀመጠ። ከዚያ «አሥራ ሦስት ዓመት ብቻሽን?» አለኝ። የተቆጣው በዚህ ነው። በዚህ ብቻ።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 15

ስብሰባ። ሚስተር ኦቲየኖ፣ ሔኖክ፣ እኔ።

ለኦቲየኖ የድልድዩን ነገር ነገርኩት። አንዱ መስመር በካንጌሚ ሰፈር በኩል መዞር አለበት፣ አዲስ ቁፋሮ፣ ፈቃድ፣ ስድስት ሳምንት ያስረዝማል።

«ስድስት ሳምንት? ለአንድ ድልድይ?» መነጽሩን አወለቀ። ሌላው ኩባንያ በእንጨት ምሰሶ ላይ እያንጠለጠለ እየመጣ ነው አለ። ስድስት ሳምንት ማለት ግማሽ ላቪንግተን ማለት ነው። «አሁን በድልድዩ ይለፍ። በሁለተኛው ዙር እንለያየዋለን።»

ሰማሁ? ቃል በቃል ማለት ይቻላል... በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ አገር፣ ያው ዓረፍተ ነገር። ክፉ ሰው አይደለም። ያኛውም አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም። የቸኮለ ሰው ሁሉ የሚለው ነው።

«አልፈርምም» አልኩ።

«ምክንያት ስጪኝ፣ ለቦርዱ የምነግረው።»

ያን ጊዜ ነገርኩት። በእንግሊዝኛ ስናገረው አጭር ሆነ፣ አምስት ደቂቃ አልሞላም። ሔኖክ ጠረጴዛውን ያያል። ኦቲየኖ መነጽሩን አድርጎ መልሶ አወለቀው።

«ፖሌ ሳና» አለ በመጨረሻ። በጣም አዝናለሁ ማለት ነው። ከልቡ ነበር። ቀጥሎም «ግን ቦርዱ ሐዘን አይቀበልም። አንቺ ካልፈረምሽ ሔኖክ ይፈርማል። ሥራውንም እሱ ይመራዋል» አለ።

ወደ ሔኖክ አላየሁም። ንድፉ የእሱ ነው። ዕድሜው ሃያ ሰባት ነው። እኔ በሃያ ዘጠኝ ምን አደረግኩ? ልፈርድበት አልችልም።

ሔኖክ «ሁለት ቀን ስጡኝ» አለ።


ረቡዕ፣ መጋቢት 16

ሔኖክ ቢሮ አልመጣም። ካሪዩኪም የለም።


ሐሙስ፣ መጋቢት 17

ሦስት ሰዓት ላይ ሔኖክ ጫማው ጭቃ ሆኖ ገባ። ልጁ ጫማውን የሚወልውለው በቀን ሁለቴ ነው።

«ሄድኩ» አለኝ። «ድልድዩን አየሁት። ሥሩ ገባሁ። ካሪዩኪ አሳየኝ።»

«እና?»

«የሺ... ባንታየሁ ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አርባ አንድ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አንድ ወረቀት ዘረጋ። የፈቃዱ ስድስት ሳምንት እስኪያልቅ ላቪንግተን ውስጥ ቅርንጫፎቹን ሁሉ እንቀብራለን፣ በየቤቱ እናስገባለን። ግንዱ መጨረሻ ይመጣል። የመክፈቻው ቀን ይዘገያል እንጂ ሥራው አይቆምም። ካሪዩኪ ነው ያለው፦ ቤት ውስጥ ገመድ የገባለት ሰው ይጠብቃል፣ ገመድ ያላየ ሰው ነው የሚሄደው።

እኔ እንዴት አላሰብኩትም? «አልፈርምም» ማለት ብቻ በቂ መስሎኝ ነበር። እምቢ ብሎ መቀመጥም እኮ ሥራውን ለሌላ ሰው ጥሎ መሄድ ነው።

አብረን ወደ ኦቲየኖ ገባን። ወረቀቱን አንብቦ ሔኖክን «አንተ ብቻህን ትፈርምልኛለህ?» አለው።

«ያለ ድልድዩ ከሆነ እሷም እኔም። በድልድዩ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ።»

በሃያ ሰባት ዓመቱ ይህን አለ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 24

ቦርዱ ተቀበለ። ሁለት መስመር፣ ሁለት መሻገሪያ። ዛፉ ከዚያ በኋላ። ንድፉ ላይ ሁለታችንም ፈረምን፣ የእኔ ከላይ የእሱ ከታች።

ሩንዳን ግን ከእኔ ወሰዱት። ለውጭ አማካሪ ተሰጠ። «ቀስ ብላ የምትሠራ» ተብዬአለሁ መሰለኝ። ኦቲየኖ ሲነግረኝ ሻይ አላዘዘም፣ በርም አልዘጋም። ኮሪደር ላይ ቆመን ነው የነገረኝ።

ከፋኝ። ምን እዋሻለሁ፣ በጣም ከፋኝ። ተካልኝ ጊጊሪ ያሉ የሥራ ባልደረቦቹ ግማሾቹ ሩንዳ እንደሚኖሩ ረስቶ «ሩንዳ ደግሞ ማን አለ?» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። ሳቅሁለት።


ረቡዕ፣ ሰኔ 10

የባሕሩ ገመድ ሞምባሳ ደረሰ። ባለፈው ሳምንት በቴሌቪዥን አየነው። መርከብ፣ ባንዲራ፣ ንግግር፣ ከውሃ ውስጥ የሚጎተት ጥቁር ነገር። ይሄ ሁሉ ለአንዲት ጥቁር ገመድ! ሔኖክ ጮኸ። እኔም እንባ መጣብኝ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

እኛ ገና ቆፋሪ ነን። የካንጌሚው ፈቃድ ስድስት ሳምንት ያልነው ዘጠኝ ሆነ። ሌላው ኩባንያ ሁለት መንገድ ላይ ቀደመን። ምሰሶ ላይ እያንጠለጠለ በአሥር ቀን ጨረሰ። ኦቲየኖ በሞባይል «ሁለት መንገድ» ብሎ ብቻ ጻፈልኝ። ምን ብዬ ልመልስ? «አየሁ» አልኩ።

በሦስተኛው መንገድ ግን ገመዳችን የገባላቸው ሰዎች ጠበቁን። ካሪዩኪ ልክ ነበር። አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ «አጥሬን ቆፍራችሁ ጽጌረዳዬን መልሳችሁ ተክላችሁልኛል፣ አሁንማ ዘመድ ናችሁ» አለችን።


ዓርብ፣ ነሐሴ 8

መስመሩ ሥራ ከጀመረ ሦስት ሳምንት። መብራት በፈረቃ ሆኗል። ዝናቡ ጠፍቶ ግድቦቹ ወርደዋል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከንጋት እስከ ምሽት፣ ላቪንግተን መብራት የለም። ጄኔሬተር በየግቢው ይጮኻል።

የኛ መስመር አለ። በየመንገዱ ያሉት ትንንሽ ሣጥኖች ከመጀመሪያውም መብራት አያውቁም። ጣቢያችን ላይ ጄኔሬተር ይነሣል፣ ብርሃኑ ይሄዳል፣ ቤቱ ላይ ትንሽ ባትሪ ያለው ሰው ሁሉ ይሠራል። የብረት ሣጥኖቼን ብናቆም ኖሮ? ባትሪያቸው አራት ሰዓት፣ ቢበዛ አምስት። ከዚያ ጨለማ። ካሪዩኪ ደግሞ ጄኔሬተር እየጎተተ ከሣጥን ሣጥን።

ሔኖክን ጠርቼ እንዲህ እንደነበር ነገርኩት። «አውቃለሁ፣ ሰላሳ ገጹ ላይ ገጽ አሥራ ሰባት ነው» አለኝ። ባለጌ!

በትናንቱ አደጋ ላይ ዘብ ቆሜ፣ የዛሬው በጓሮ ሊገባብኝ ነበር። ይህን ሳስብ ዋልኩ። የሞተ ሰው ፊት ብቻ ስታይ የቆመውን ሰው ፊት አታይም...


ሰኞ፣ መስከረም 4 ቀን 2002

ደወልኩ።

ቁጥሩን ያገኘልኝ የድሮ ባልደረባዬ አወቀ ነው። የባንታየሁ ባለቤት ዘመናይ ትባላለች። ስሟን እንኳ አላውቅም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን አንስቼ አስቀምጣለሁ። ተካልኝ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሃሎ?»

ማን እንደሆንኩ ተናገርኩ። መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ።

«ስምሽን አውቀዋለሁ» አለች።

«ያን ቀን... ነገ ይሻላል ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ዛሬ ያልኩት።»

«አውቃለሁ። አብሮት የነበረው ሰው ነግሮኛል።»

ታውቃለች። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ታውቃለች።

«‹ወንዙ ነው የወሰደው፣ አንቺ ምን አደረግሽ› እንድልሽ ከሆነ የደወልሽው፣ አልልሽም» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ለቅሶው ላይ በር በሩን አይ ነበር። ትመጣለች ብዬ።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ትልቁ ልጄ አሁን መምህር ነው» አለች። «ታናሽየዋ አባቷን አታስታውሰውም። ስለሥራው የሚነግራት ሰው የለም። ስትችዪ ለእሷ ጻፊላት። ምን ይመስል እንደነበር። ገመድ ሲቀጥል።»

እጽፋለሁ አልኩ። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። አልጠየቅኩም። መጠየቅ የእኔ አይደለም።


እሑድ፣ መስከረም 17

ለልጅቷ አራት ገጽ ጻፍኩ። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን እንደነበር። ምሰሶ ላይ ሆኖ ያንጎራጉር እንደነበር። ያልኩትን «ዛሬ»ም ጻፍኩት። እናቷ ትንገራት አትንገራት እሷ ትወስን ብዬ ለብቻው በሌላ ወረቀት።


ሐሙስ፣ ኅዳር 17

ዝናብ። ሦስት ቀን ሙሉ አላባራም። ከድርቁ ወዲያ ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ይረጥባል።

ሰባት ሰዓት ላይ የጣቢያው ስክሪን ላይ ደቡቡ መስመር ቀይ ሆነ፣ ተቆርጧል ማለት ነው። የውሃ ቱቦ የሚቀብሩ ሰዎች ማሽን ገመዳችንን ነቅሎታል። ኦቲየኖ ከክፍሉ ሮጦ ወጣ። «ስንት ደንበኛ ወደቀ?»

ሔኖክ ስክሪኑን አዙሮ አሳየው። ዜሮ። ብርሃኑ በሰሜኑ፣ በካንጌሚው በኩል ዞሮ እየሄደ ነው። ስልኩ አልጮኸም። ማንም አላወቀም።

ካሪዩኪ ከቦታው ደወለ። ጉድጓዱ ሁለት ሜትር ተኩል ጥልቀት አለው፣ ውሃ ሞልቶታል፣ ግድግዳው እየተናደ ነው። «ልግባ፣ ማማ?»

«አይሆንም። ወደ ቤትህ ሂድ።»

ኦቲየኖ «መቼ ይጠገናል?» አለኝ።

«ውሃው ሲጎድል። ነገ። ካልሆነም ከነገ ወዲያ።»

መስኮቱን አየ፣ ዝናቡን። «ሳዋ» አለና ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ደግሞ በሩን ከፍቶ ብቅ አለ። «የሩንዳውን አማካሪ መንገዱን በእግሩ ሄዶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቂልኝ።»


ዓርብ፣ ኅዳር 18

አባርቷል። ከካሪዩኪ ጋር ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ። መሄዴ አላስፈለገም፣ ግን ሄድኩ። ሠራተኞቹ ውሃውን በፓምፕ አውጥተው፣ ግድግዳውን በጣውላ ደግፈው ጨርሰዋል። ካሪዩኪ አራት ሰዓት ላይ ገባ። እኔ ከላይ ሆኜ ዣንጥላ ያዝኩለት፣ ከዛፉ የሚንጠባጠበው ክሩ ላይ እንዳይወርድ።

ክር በክር። ትንፋሹን እየያዘ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሔኖክ ከጣቢያው ደውሎ «አረንጓዴ ነው!» አለ። ላቪንግተን ውስጥ ማንም ሳያውቅ ተቆርጦ ማንም ሳያውቅ ተቀጠለ።

ካሪዩኪ ከጉድጓዱ ወጥቶ ጉልበቱን እያሸ ተቀመጠ። ለብቻው ይስቃል።

«ምን ያስቅሃል ሙዜ?»

«ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ቤት ገባሁ። ሠላሳ ዓመት በትዳር ስንኖር በዝናብ ቀን በጊዜ ገብቼ አላውቅም። ሚስቴ በሩ ላይ አይታኝ፣ ‹ምን ሆንክ፣ ከሥራ አባረሩህ?› አለችኝ።»

«ታዲያ ምን አልካት?»

«‹ኧረ አይደለም። ኢንጂነሯ ውሃው ይጉደል ብላለች› አልኳት።»